ቀይ መብራት አያስቁምህ

ቦሌ ሚካኤል፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአስፋው አያሌው፤ ስዊድን፣ ጎተንበርግ።

እንደምን ከርመሃል አስፍዬ? እዚያ ብርዱ ገብቷል መሰለኝ፤ ደረትህን ሸፍን። እኛ በሚካኤል ጥበቃ አለን። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» እያለ እጅ እጄን ያያል። ምርቃቱን ራሱ ነው የሚያስጽፈኝ፤ «ጎማህ አይተንፍስ፣ ፍሬንህ አይክዳህ፣ ቀይ መብራት አያስቁምህ» ብሎሃል። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ሌላ ምን ብሎ ይመርቃል? አሜን በል።

በስልክ ዘመን ምን ደብዳቤ አመጣ ትል ይሆናል። ስልኩን ፈርቶታል። ባለፈው እሁድ ስትደውል፣ ድምፅህን ሰምቶ መጋረጃውን ገልጦ፣ አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲፈልግህ ነበር፤ ያኔ አልነገርኩህም። ስዘጋው «ልጁን የት ዘጋሽበት?» ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ስልኬን ከሽሮ ዕቃ ውስጥ አወጣሁት። በቪዲዮ ይሁን ስትል ደግሞ ይብሳል፤ ሰው በመስኮት አጮልቆ የሚያየው ይመስለዋል።

ወረቀት ግን ይወዳል። አምና በመንገደኛ እጅ የላክሃት አጭር ደብዳቤ ከኮት ኪሱ አትለይም። ጠዋት ያወጣታል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ እስከ ፊርማህ ድረስ ያነባታል፣ ከዚያ «ብሩክታይት! አስፋው ጻፈ እኮ!» ብሎ ይጣራል። እኔም «እሰይ! ምን አለ?» እላለሁ። ከሰዓት ደግሞ ያወጣታል። «ብሩክታይት! አስፋው ጻፈ እኮ!» አንተ አንድ ጊዜ ጻፍክ፤ ለእኛ በቀን ሁለቴ ይደርሰናል።

ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው። «ጋሼ፣ ከዚህ ወደ ቤትዎ በየት ይሄዳሉ?» አለው። አባባ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «በወፍጮ ቤቱ ታጥፌ፣ የባሕር ዛፉን ጥግ ይዤ፣ ከጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት» አለ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ኤክስ አደረገበት። ኧረ እኔስ ብሆን! ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ዛሬ አሥራ አራት ፎቅ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እኔ ራሴ ከሩዋንዳ ሰፈር ስመለስ መታጠፊያዬን አልፌው ሄጃለሁ። ለእኔ ኤክስ ያደረገብኝ የለም። ብቻ አባባ ሲወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «የመርሳት ሕመም ነው፤ እየባሰ ነው የሚሄደው» አለኝ።

የፎቶ ኮፒ ቤቴን ለጊዜው ዘግቻለሁ። ገንዘብ ላክ አልልህም፤ ያለን ይበቃናል። ጻፍ ነው የምልህ።

እህትህ ብሩክታይት


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብሩክታይት፤

ሰላም ከግቢያችሁ አይለይ። ምርቃቱ ደርሶኛል፤ አሜንም ብያለሁ፤ ወጥ ቤት ቆሜ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። እኔ ደህና ነኝ። የመጋዘኑ ሥራ ያው ነው፤ ዕቃ ይገባል፣ ዕቃ ይወጣል።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ። ሲሳሳት አታርሚው። «አይደለም» የምትለውን ቃል ተያት። እሱ ያለበት ዘመን ድረስ ሂጂና እዚያ አግኚው። ከሰዓት በኋላ ሲጨንቀው የሚወለውለው ነገር ስጪው። ውኃ እንዳታጓድዪበት። ከየት አወቅኸው ካልሽ፣ አንብቤ ነው።

ለእሱ በትልልቅ ፊደል ሌላ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ስለ ሰማያዊዋ ላዳ ነው። ትዝ ይልሻል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ሊያነሣኝ ሲመጣ የፊቱን ወንበር ለማንም አይሰጥም ነበር። የከበረ ደንበኛ ቢሆን እንኳ «ከኋላ ይግቡ ጌታዬ፤ የፊቱ የልጄ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ከክፍል የመጨረሻው ወጪ ነኝ፤ እጄ ዝግ ስለሆነ ከሰሌዳ ላይ ቀድቼ አልጨርስም። ልጁ ሁሉ ተበትኖ ግቢው ባዶ ሲሆን ብቅ እላለሁ። አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። «ምነው ዘገየህ? ቀይ መብራት አስቆመህ?» ይለኝና ይስቃል። ከክፍሌ እስከ በሩ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ያ ሳቁ እዚህ አውቶቡስ ስጠብቅ ሳይቀር ይመጣብኛል።

አሁን ደግሞ የምለምንሽ። እማማ ስትሞት አርባ ቀን ሙሉ ደብቃችሁኛል። ስደውል «ፀበል ሄዳለች» ትዪኛለሽ፤ እኔም እዚህ ሆኜ ፀበሉ እንዲሠምርላት እጸልያለሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነጠላ ለብሰው በሬን አንኳኩ። ገና ሳያቸው ገባኝ። ቂም አልያዝኩም፤ ባህላችን ነው፤ ለሩቅ ሰው ማዘን ነው። ግን አይደገም። አባባ እኔን የረሳኝ ዕለት ንገሪኝ። በእማማ አጥንት ይዤሻለሁ።

ወንድምሽ አስፋው


ቦሌ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስፍዬ፤

የደጃችን ሚካኤል ከፊት ከኋላህ ይቁም። አባባ ዛሬም ራሱ ነው የመረቀህ። «ጎማህ አይተንፍስ፣ ፍሬንህ አይክዳህ» አለና ቆም ብሎ «ሦስተኛዋ ምን ነበረች?» አለኝ። ነገርኩት። «እሷን እንዳትዘያት፤ ዋናዋ እሷ ናት» አለ።

ምክርህ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ከመድረሱ በፊት የእጄን አግኝቻለሁ፤ ስማ ጉዴን። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠዋት «ሙሉነሽ የት ሄደች? ቁርሴን ሳትሰጠኝ» አለ። ሌላ ጊዜ ወሬ ለውጬ አመልጥ ነበር። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። «አባባ፣ እማማ እኮ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ራስህ ነህ የቀበርካት» አልኩት። አፌን በቆረጠው! «ሙሉነሽ? የኔ ሙሉነሽ?» አለና አንድ ጊዜ ጮኸ። የዛሬ አራት ዓመት እንኳ እንዲህ አልጮኸም፤ ያኔ ወንድ ነኝ ብሎ ዋጥ አድርጎት ነበር። አሁን ጋቢውን ጥሎ በረንዳው ላይ ደረቱን ይደቃ ጀመር።

በጠዋት ከቤት ለቅሶ ከተሰማ ማን ጠይቆ ይመጣል? ጎረቤቱ ግር ብሎ ገባ። ሴቶቹ አንገቴን አቅፈው ያለቅሳሉ፤ እኔም አለቅሳለሁ፤ ማን ሞተ ብለው እንደሚያለቅሱ ግን አያውቁም። አንዷማ አንተ የሞትክ መስሏት «አስፋውዬ፣ በሰው አገር!» እያለች ሙሾ ታወርድ ጀመር። የእድራችን ዳኛ አቶ ሐጎስ ነጠላውን ዘቅዝቆ ሲገባ ድንኳኑ ከኋላው ደርሷል። ሁለት ቋሚ ከተተከለ በኋላ ነው ድምፄ የወጣልኝ። «ኧረ በማርያም፣ የሞተ የለም! እማማ ናት!» ስል ሁሉም ቀጥ አለ። ከእፍረቴ ብዛት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አቶ ሐጎስ ድንኳኑን አስነቀለና «በይ ልጄ፣ ደንባችን ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይፈቅድም» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ከዚያ ግን አልሄደም። አባባ አጠገብ ተቀምጦ «እግዚአብሔር ያጽናህ አያሌው» አለው፤ ልክ እማማ ትናንት የሞተች ይመስል። ቁርሱን አብሮት በላ። ሰውየው የተባረከ ነው።

ሰዓት ሳይሞላ አባባ ረሳው። «ሙሉነሽ የት ሄደች?» አለ። «ፀበል ሄዳለች» አልኩት። አዎ አስፍዬ፣ ላንተ ያልኩህን። ከአፌ ሳይታወቀኝ ወጣ። «ታዲያ ማን ያመጣታል?» ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ወደ ላዳዋ ሄደ። እንዳያስነሣት ባትሪዋን አውጥቼ ለአቶ ሐጎስ አደራ ሰጥቼዋለሁ። ግቢው ጥግ እንደቆመች መሪዋን ይዞ ቁጭ አለ። አንጀቴን በላኝ። ሄጄ እንደ ተሳፋሪ የኋላውን በር ከፈትኩና «ጋሼ፣ ወደ ሃያ ሁለት ይሄዳሉ?» አልኩት። «ይግቡ እመቤቴ» አለኝ።

እንዴት እንደሄድን ላውራልህ? ማርሹን በአፉ እያጉረመረመ፣ በየመታጠፊያው እጁን በመስኮት እያወጣ ነዳኝ። «ይኸ የወይዘሮ እከሊት ግቢ ነው፤ ኮክ ነበራት። ይኸ ሜዳ ኳስ ሲጫወቱበት አቧራው አያሳይም።» ከላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ «መንገደኛ መጣ፤ እርስዎን ላድርስና ልመለስ» አለ። እኔ የረሳሁትን ሰፈር ሁሉ አስጎበኘኝ። ስንደርስ ወርጄ በሩን ዘጋሁ። ያን ቀን ማታ ሁለት እንጀራ በላ። አሁን በየቀኑ ነው የምንሄደው።

እህትህ ብሩክታይት


ጎተንበርግ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ለመላው ቤት ጤና ይስጥልኝ። የድንኳኑን ነገር ሳነብ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። አቶ ሐጎስን በእግዜር ስም አመስግኚልኝ።

አንቺ ግን እንዴት ነሽ? ስለ ራስሽ አንዲት መስመር የለም። እንዲህ ብቻሽን ከቀጠልሽ አንቺም ትወድቂያለሽ። ሰው ይቀጠር፤ ክፍያው በእኔ ነው። ወይም እዚያ አዛውንቶችን ቀን ቀን የሚይዝ ቦታ እንዳለ ጠይቂ። እንዲህ ያለ ነገር በጊዜ ካልተደረገ ኋላ ይከብዳል። እኔም ፈቃድ ካገኘሁ በሚቀጥለው ዓመት ብቅ ለማለት አስባለሁ።

ለአባባ ሁለት ገጽ ጽፌለታለሁ። አንብቦ ምን እንዳለ በሙሉ ጻፊልኝ፤ ምርቃቱንም።

ወንድምሽ አስፋው


ቦሌ ሚካኤል፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስፋው፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። አባባ ደህና ነው። ደብዳቤህን አንብቦ ደስ ብሎታል። «አምላከ ቅዱሳን በረድኤቱ ይጠብቅህ፤ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ» ብሎሃል።

ሰው ቅጠሪ ትለኛለህ። ቀጥሬ ነበር፤ ሙሉነሽ ከምትባል ሴት ጋር ተስማማን። ስሟን ሲሰማ አባባ ፊቱ ፈካ። ስትገባ አያት፤ የእሱ ሙሉነሽ አይደለችም። «የሚስቴን ስም ይዛ የገባች ሌባ ናት» ብሎ በከዘራ አባረራት። የቀን መዋያ ጠይቂ ትለኛለህ። ጠየቅኩ፤ ሞልቷል። በሚቀጥለው ዓመት ብቅ እላለሁ ትለኛለህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ምክር ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይመክረኛል፤ አንዷ ጥቁር አዝሙድ ትላለች፣ አንዷ ሰው አድርጎበት ነው ትላለች። ምክር አላጣሁም፤ ያጣሁት ተኝቶ ማደር ነው።

እንደተቆጣሁ ታየኛለህ። ቅር አይበልህ። ጤና ሁን።

ብሩክታይት


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብሩክታይት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አብሮ አደረሰን። መልስ ሳልሰጥሽ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ተቀይሜ አይደለም። ደብዳቤሽን እንደ አባባ በቀን ሁለቴ ሳነበው ነበር።

ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ አሜን። የአባባ ግን አይደለም። አባባ ያለ ጎማና ያለ ፍሬን መርቆኝ አያውቅም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ቦሌ ሲሸኘኝ፣ እናንተ ስትላቀሱ እሱ ወደ አውሮፕላኑ እያሳየኝ «ያም ጎማ አለው» ያለ ሰው ነው። ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ረስቶኛል አይደል? ፀበል ሄዷል አትበይኝ እትዬ። ንገሪኝ።

እኔም የደበቅሁሽ አለኝ። መጋዘን አልሠራም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምሠራው መጦሪያ ውስጥ ነው። የሚረሱ አዛውንቶችን ከአልጋ አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ያን ሁሉ ምክር ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እጄን ይይዙና በልጃቸው ስም ይጠሩኛል፤ እኔም «አቤት» እላለሁ። ልጃቸው እዚሁ ከተማ ነው ያለው፤ አይመጣም። በሆዴ እራገመው ነበር። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ግን በምን አፌ! እሱ እንኳ ከአባቱ የአንድ አውቶቡስ መንገድ ነው የሚርቀው፤ እኔ ደግሞ የሰው አባት እያጠብኩ ላንቺ ሰው ቅጠሪ እላለሁ።

ለምን አልመጣህም ካልሽኝ ደግሞ እውነቱ ይኸው። ፈቃድ አጥቼ አይደለም። እማማ የሌለችበትን ደጃፍ ማየት ፈርቼ ነው። ካላየሁት እሷ እስከ ዛሬም ፀበል ናት።

ወንድምሽ አስፋው


ቦሌ ሚካኤል፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስፍዬ፣ ለታናሼ፤

መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ ይህንንም በጠዋት ነው የምጽፍልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው። አጠገብህ ሰው ካለ ጥራ።

አዎ። ረስቶሃል። የካቲት ላይ ያን ሁለት ገጽ ስሰጠው እንደ ልማዱ መነጽሩን አድርጎ እስከ ፊርማህ አነበበው። «ብሩክታይት!» ብሎ እስኪጣራ ወጥ ቤት ቆሜ ጠበቅኩ። አልተጣራም። ስመጣ ወረቀቱን በወጉ አጥፎ ሰጠኝና «ይኸ አስፋው የሚባል ሰው ማን ነው? ደብዳቤው ያምራል፤ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ለባለቤቱ ይድረስ» አለኝ። ቀና ብሎ አየኝና «ይቅርታ፣ እርስዎም ደክመው ነበር» አለ። እርስዎ አለኝ አስፍዬ። ታክሲው ውስጥ አልነበርንም። ሳሎን ነበርን። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አንተን መርሳቱን ልጽፍ ብል የእኔንም ልጽፍ ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር በለኝ።

ግን አንድ ነገር አለ፤ ይህን ካነበብክ በኋላ ነው መርዶው ሙሉ መርዶ መሆን አለመሆኑን የምታውቀው። የረሳው ደብዳቤ የሚጽፈውን ትልቁን ሰውዬ ነው። የስምንት ዓመቱን ልጅ አልረሳም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የትም ቢሆን ይነሣል። «ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ፤ ዘገየሁበት» ብሎ ላዳዋ ውስጥ ይገባል። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። እንነዳለን፣ እንደርሳለን፣ በሩ ጋ ያቆማል፣ ይጠብቃል። ልጁ አይመጣም። አንዳንድ ቀን ዝናብ ይመጣና ያስረሳዋል፤ አንዳንድ ቀን መሪውን እየመታ «ልጄን ሰው ወሰደብኝ» ይላል። አንተ ዘጠኝ ዓመት የሠራህበት ነህ፤ ምን ይባላል?

ተሳፋሪ ስሆን ብዙ ያወራኛል። ባለፈው በመስታወቱ እያየኝ ምን አለኝ መሰለህ፤ «ቤቴ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ትቆጣለች፤ ግን እጇ ለስላሳ ነው። ስታጥበኝ ውኃውን ቀድማ በክንዷ ትለካዋለች። ደመወዟን ማን እንደሚሰጣት አላውቅም። እንዳትሄድብኝ እፈራለሁ፤ ስሟን ደግሞ አላውቀው፤ በምን ጠርቼ አትሂጂ ልበላት?» አለኝ። «አትሄድም ጋሼ፤ እኔ አውቃታለሁ» አልኩት። «አደራዎን ይንገሩልኝ» አለኝ። እንግዲህ ለራሴ ነገርኩለት።

ገንዘብ ጠይቄህ አላውቅም። መድኃኒትም አልጠየቅኩህም። አሁን እጠይቅሃለሁ። ና። ያውቀኛል ብለህ አትምጣ፤ ላያውቅህ ይችላል። እኔ ግን አውቅሃለሁ። እኔን የሚያውቀኝ ሰው ቤቱ ውስጥ ቢገባ እኔም ትንሽ ነፍስ እዘራለሁ።

እህትህ ብሩክታይት


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሰላምታው ሲገናኙ ይሁን። ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ አጠገቤ ሰው አልነበረም። ምን ይባላል ላልሽው፣ እኔም አላውቅም። ለሦስት ወር ነው የምመጣው። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ሐምሌ 5 ቀን ጠዋት እገባለሁ። ቦሌ ልትቀበዪኝ አትምጪ፤ እሱን ለማን ትተሽ? መንገዱን አውቀዋለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ታጥፎ አይደል?

አስፋው


ቢሾፍቱ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስፍዬ፤ ቦሌ ሚካኤል፣ አባባ ቤት።

ጉድ እኮ ነው! እኔ ከሌላ አገር ለቤቴ ደብዳቤ ስጽፍ! «ሂጂ፣ ጥቂት ሰንብቺ» ብለህ ገፍተህ ስታስወጣኝ ተቀይሜህ ነበር። አክስታችን ቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተኛሁ፤ እሷ ደንግጣ እስትንፋሴን ታዳምጥ ነበር አሉ። ዛሬ ሐይቁ ዳር ቁጭ አልኩ። ምንም ሳልሠራ። እጄን የት እንደማኖረው ጠፋኝ።

አንተ ባለሙያ ነህ፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስማኝ። ራሱን ስታጥበው ከማጅራቱ ጀምር፤ ውኃ ዓይኑን ከነካው ቀኑን ሙሉ ያኮርፍሃል። የላዳዋን ቁልፍ እንዳትደብቅበት። እማማን ሲጠይቅህ ያው ታውቃለህ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረኸው ግባ፤ ግን ከኋላ ነው የምትቀመጠው። የፊቱን ወንበር እንዳትነካት! እኔ አንድ ቀን ጉልበቴን ቢያመኝ ገብቼባት «ውረጂ! የልጄ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሰፈር ሰምቷል።

አላወቀህም አይደል እስካሁን? አይዞህ።

እህትህ ብሩክታይት


ቦሌ ሚካኤል፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብሩክታይት፤ ቢሾፍቱ፣ አክስታችን ቤት።

እንኳን ለጾመ ፍልሰታ አደረሰሽ። አባባ ደህና ነው፤ ይህን ስል እየደበቅሁሽ አይደለም። አላወቀኝም። አዲስ የገባ ተከራይ ነው የምመስለው፤ «ቤቱ ተስማማዎት?» ይለኛል። ተስማማኝ እላለሁ። የእማማን ደጃፍም አየሁት። ነጠላዋ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ይዤው ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ለአባባ ቁርስ አቀረብኩ።

የትናንቱን ልንገርሽ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሣ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ማን ይነግረዋል? ዝናቡ ያወርደዋል። እንዳልሽኝ ከኋላ ገባሁ። «ወዴት ነዎት?» አለኝ። «እዚሁ ቦሌ ሚካኤል፣ አቶ አያሌው ቤት» አልኩት። «አውቀዋለሁ ቤቱን። ግን እግረ መንገዴን ልጄን አነሣለሁ፤ ካልቸኮሉ» አለ። አልቸኮልኩም አልኩ።

በወፍጮ ቤቱ ታጥፈን፣ የባሕር ዛፉን ጥግ ይዘን ሄድን። አቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። በዝናቡ ውስጥ ወደ ግቢያችን አጥር ሲያይ ቆየ። «ልጆቹ ሁሉ ወጡ» አለ። «የኔ የመጨረሻው ነው፤ እጁ ዝግ ነው፤ ቀድቶ አይጨርስም።» ሰዓት የሌለበትን እጁን አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ወደ ዝናቡ አወጣ። «ዛሬስ ምን አግኝቶት ነው?» አለ። በሥራዬ ቢሆን እዚህ ላይ ወሬ እለውጣለሁ፤ የተማርኩት ይህን ነው። እትዬ፣ የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ።

የኋላውን በር ከፍቼ ወረድኩ። ዝናቡ ውስጥ በላዳዋ ፊት ዞሬ የፊቱን በር ከፈትኩና ገባሁ። ያኔ እግሬ መሬት አይደርስም ነበር፤ አሁን ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ገፋው። ውረድ እስኪለኝ ጠበቅኩ። ዞሮ አየኝ፤ ሽበቴን፣ ጢሜን፣ ከፊቴ የሚንጠባጠበውን ውኃ። ብዙ አየኝ።

«ምነው ዘገየህ?» አለኝ። «ቀይ መብራት አስቆመህ?»

«አዎ አባባ» አልኩት። «አስቆመኝ።»

«በል በሩን ጠበቅ አድርገህ ዝጋ» አለና ማርሽ አስገባ።

ወንድምሽ አስፋው